በረኪናው ቀርቶ በኒም ቢታጠብስ?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ የታች መንጋጋ ጥርሴ ነርቩ ሞቷል ተብዬ ሩት ካናል ጀምሬያለሁ። ሁለት ቀጠሮ ሄጃለሁ። ሐኪሟ በሲሪንጅ የምታስገባው ፈሳሽ በረኪና በረኪና ይሸታል። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ወደ ጉሮሮዬ ወርዶ አቃጠለኝ፤ ጣዕሙ እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ስጠይቃት ‹አዎ፣ የበረኪና ዘመድ ነው፣ አይዞሽ› አለችኝ። እህቴ ደግሞ ሕንድ አገር በኒምና በሌሎች ዕፅዋት ጭማቂ እንደሚያጥቡ፣ እኩል እንደሚሠራም የሚገልጽ ጽሑፍ ላከችልኝ። እኛም ጋ እኮ ኒም አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ቅርንፉድ አለ። ለምን መርዝ አፌ ውስጥ ይገባል? ሐኪሟን በዕፅዋት አድርጊልኝ ብላት ነውር ነው? እስከሚቀጥለው ቀጠሮስ ቤት ውስጥ በኒም ብጉመጠመጥ ይጠቅመኛል?»

ነውር የለውም። ሐኪምን መጠየቅ መቼም ነውር ሆኖ አያውቅም። ግን በእርስዎ ቦታ ብሆን የምጠይቃት ስለ ኒም አይደለም። ሌላ ነገር ነው፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ያ ፈሳሽ ጥርስዎ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደገባ እንይ። የታች መንጋጋ ጥርስ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ (ነርቩ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ) አለው። አራት የሚሆንበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቦዩ ወደ ሥሩ ጫፍ ሲደርስ ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ሩብ ገደማ ነው። ቀጥ ያለ ቧንቧ አድርገው አያስቡት። ይጎብጣል፣ ይጠባል፣ በጎን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ቦዮች በቀጭን ስንጥቅ ይገናኛሉ። ሐኪሟ እነዚያን መርፌ የመሳሰሉ ፋይሎች አስገብታ ግድግዳውን ትፍቃለች። የምትፍቀው ግን ፋይሉ የደረሰበትን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ጥርሶችን በማይክሮ ሲቲ (ጥቃቅን ነገር በሚያሳይ የራጅ ዓይነት) እያነሣ ከፍቂያው በፊትና በኋላ አነጻጽሯል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፋይሉ ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ ከግድግዳው 35 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ሳይነካ ቀርቷል። ጥሩ ሐኪም፣ ጥሩ ፋይል፣ ሆኖም ከሲሶ በላይ ግድግዳ ሳይነካ!

ግድግዳው ራሱ ደግሞ ወንፊት ነው። ዴንቲን የሚባለው የጥርስ ክፍል በዓይን በማይታዩ ቱቦዎች የተሞላ ነው። የአንዱ ስፋት ከአንድ እስከ ሁለት ተኩል ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ይሆናል። የብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ስፋት ከአንድ ማይክሮን አይበልጥም። ገብተው ይተኛሉ፤ ፋይል አያገኛቸውም።

እነሱን መተው ለምን እንደማይቻል የሚያሳይ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ የምነግረው ነው። በ1965 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የአይጦችን ጥርስ ቦርቡረው ነርቩን ክፍት ተዉት። ከአይጦቹ ግማሾቹ ተራ አይጦች ናቸው። ሌሎቹ ከውልደታቸው ጀምሮ ምንም ጀርም በሌለበት ቤት ያደጉ ናቸው። የተራዎቹ አይጦች ነርቭ ሞተ፣ መግል ቋጠረ። ጀርም አልባዎቹ ምግብ እንኳ ቀዳዳው ውስጥ ተጠቅጥቆባቸው፣ ቁስላቸው በአዲስ ዴንቲን ተሸፈነ። ቀዳዳው አንድ፣ ምግቡም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ባክቴሪያው ብቻ ነበር። ሩት ካናል የሚባለው ሥራ ሁሉ ሲጠቃለል ባክቴሪያን ማውጣትና መልሶ እንዳይገባ መዝጋት ነው።

ታዲያ በተራ የጨው ውሃ ቢታጠብስ? ተሞክሯል። ስዊድኖች በ1981 ባወጡት ጥናት ቦዩን በፋይል ፍቀው በጨው ውሃ ብቻ አጠቡት። የባክቴሪያው ቁጥር ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ቀነሰ። ብዙ ይመስላል አይደል? ግን መነሻው በሚሊዮን ሲሆን የቀረው አሁንም ብዙ ነው፤ በብዙ ጥርሶች ላይም ከቀጠሮ ቀጠሮ ተመልሶ ተራባ።

ስለዚህ ፈሳሹ ሁለት ሥራ አለበት። አንዱ መግደል ነው። ሁለተኛውን ሰው አያነሣውም፤ የዕፅዋቱ ነገር የሚወሰነው ግን እሱ ላይ ነው። የሞተውን ሥጋ ማሟሟት። ቦዩ ውስጥ የበሰበሰ ነርቭ አለ፣ የባክቴሪያ ዝቃጭ አለ፣ ፋይሉ ያልደረሰባቸው ቅርንጫፎች በዚህ ተሞልተዋል። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም ያ የሚሸትዎት፣ ይህን ሥጋ ያቀልጠዋል። ሥጋው ሲቀልጥ የባክቴሪያው ምግብም መጠለያውም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱን ሥራ በአንድ ላይ በደንብ የሚሠራ ሌላ ፈሳሽ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ክሎርሄክሲዲን አለ፣ ይገድላል፣ አያሟሟም። ኢዲቲኤ አለ፣ ከፍቂያው የቀረውን ስስ የብናኝ ልባጭ ያነሣል፣ በመግደል ረገድ ግን ደካማ ነው። ሐኪሟ በመጨረሻ ላይ ሳትጨምርልዎት አትቀርም።

«መርዝ» ያሉትን ደግሞ በግማሽ እቀበልዎታለሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሄንሪ ዳኪን የሚባል ኬሚስት ይህንኑ ነገር በ0.5 በመቶ አቅጥኖ የወታደሮችን የመገለ ቁስል ያጥብበት ነበር። ዛሬ ጥርስ ውስጥ ከ0.5 እስከ 6 በመቶ ድረስ እንጠቀማለን። ደግሞ የሚገርም ነገር ልንገርዎት፤ የእርስዎ ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያ ሲውጡ የሚገድሉት የዚሁ የቅርብ ዘመድ የሆነ አሲድ በውስጣቸው ሠርተው ነው። ሰውነታችን ትንሽ የበረኪና ፋብሪካ አለው ማለት ነው። ይህን ስል ግን ፈሳሹ ለስላሳ ነው ማለቴ አይደለም። ከሥሩ ጫፍ አልፎ ወደ አጥንት ቢገፋ በአንዴ ኃይለኛ ሕመም፣ እብጠትና የፊት መበለዝ ያመጣል። ልብስ ያነጣል፣ ዓይን ይጎዳል፣ ጣዕሙም እንዳዩት ነው። ሌላ አማራጭ የሚፈልጉት ሰዎች ያለ ምክንያት አይደለም የሚፈልጉት።

አሁን ወደ እህትዎ ጽሑፍ።

ሕንድ ውስጥ በእርግጥ ብዙ ተጠንቷል። ኒም፣ ትሪፋላ የሚባለው የሦስት ፍሬዎች ድብልቅ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ እርድ፣ ንቦች ከዕፅዋት የሚሠሩት ፕሮፖሊስ የሚባል ሙጫ። በ2010 የወጣና ብዙ የሚጠቀስ ጥናት አለ። በተነቀሉ ጥርሶች ላይ ኢንትሮኮከስ ፌካሊስ የሚባለውን ችኮ ባክቴሪያ ለሳምንታት አሳድገው ትሪፋላን፣ የአረንጓዴ ሻይ ፖሊፌኖልንና 5 በመቶ ሃይፖክሎራይትን አወዳደሩ። ዕፅዋቱ በእርግጥ ባክቴሪያውን ቀነሱ። አንደኛ የወጣው ግን ሃይፖክሎራይቱ ነው። «ዕፅዋቱ ይሠራሉ» የሚለው ብቻ ተቆርጦ ሲዞር «እኩል ነው» ሆኖ ይደርሳል። በ2008 አሜሪካ ውስጥ የወጣው፣ ኖኒ በሚባል ፍሬ ጭማቂ ላይ የተሠራው ጥናትም እንዲሁ ነው። ኖኒ ተከትሎት ኢዲቲኤ ሲጨመር ከሃይፖክሎራይት ጋር እኩል ሆነ ይላል። እኩል የሆነው ምን ላይ ነው? የብናኙን ልባጭ በማንሣት ላይ። በተነቀለ ጥርስ። የታካሚ አጥንት ዳነ አላለም።

ሌላው የጥናት ዓይነት የላቦራቶሪ ሳህኑ ነው። ባክቴሪያ ያበቀሉበት ሳህን ላይ በጭማቂ የራሰች ክብ ወረቀት ያስቀምጣሉ። በማግስቱ ዙሪያዋ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይለካል። ክቡ ሰፋ፣ ጭማቂው ጎበዝ ነው። ግን ክቡ የሚሰፋው ጭማቂው ስለሚገድል ብቻ አይደለም፤ ሳህኑን በሞላው ጄል ውስጥ ፈጥኖ ስለሚሰራጭም ጭምር ነው። ጥርስ ደግሞ ጄል አይደለም። ሳህን ላይ ጭማቂው 24 ሰዓት ከባክቴሪያው ጋር ይውላል ያድራል፤ ጥርስ ውስጥ ያለን ደቂቃዎች ናቸው። ሳህን ላይ ባክቴሪያው ብቻውን ነው፤ ጥርስ ውስጥ ተደራርቦ፣ በሙጫ ተሸፍኖ፣ ባዮፊልም ሠርቶ ይቀመጣል። የዴንቲኑ ብናኝ ራሱም የብዙ መድኃኒቶችን ኃይል ያደክማል፤ የሃይፖክሎራይትንም ሳይቀር። ሐኪሟ አንዴ ጨምራ የማትተወው፣ ደጋግማ አዲስ የምትጨምረው ለዚህ ነው።

እኔም በተማሪነቴ በዚህ ነገር ተነክሼ ነበር። የነጭ ሽንኩርትና የኒም ጭማቂ አዘጋጅተን ሳህን ላይ ሞከርን። ክቡ ሰፋ። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ዓለምን የምንቀይር መስሎን ነበር። የተረፈውን ጭማቂ በጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ትተን ወጣን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ የኒሙ ጠርሙስ ላይ ሻጋታ በቅሏል። ባክቴሪያ ገዳዩ ጭማቂያችን ራሱ ሻገተ። የነጭ ሽንኩርቱን እንደገና ስንሞክረው ደግሞ ክቡ የለም ማለት ይቻላል። ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ የሚወጣው አሊሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ቶሎ እንደሚበላሽ ያኔ ነው የገባኝ። የዛሬ ጭማቂ የነገ ጭማቂ አይደለም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሟ 2.5 በመቶ ሃይፖክሎራይት ስትል ምን እንደሆነ ይታወቃል። «የኒም ጭማቂ» ሲባል ግን ቅጠሉ ነው ቅርፊቱ? ክረምት የተለቀመ ነው በጋ? በውሃ ነው በአልኮል የወጣው? እኛ አገር ይህን ጥያቄ በትዕግሥት ያለፈ አንድ ተክል አለን፤ እንዶድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አግኝቻለሁ ብሎ በማግስቱ አልሸጠውም። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ከየቦታው የእንዶድ ዓይነቶች ተሰብስበው ተወዳደሩ። ሁሉም እንዶድ እኩል አልሆነም፤ 44 ቁጥር የተሰጠው ዓይነት በለጠ። ከዚያ የመርዛማነት ምርመራው ብዙ ዓመት ፈጀ። ይህ ሁሉ ወንዝ ውስጥ ለሚጨመር ነገር ነው። አጥንትዎ አጠገብ ለሚገባው ነገር ከዚያ ያነሰ ልጠይቅ?

ዕፅዋትን የማጣጥል እንዳይመስልዎት። ሲያልቅ ጥርስዎ የሚሞላበት ጉታ ፐርካ የሚባለው ነገር መሠረቱ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚበቅል ዛፍ ወተት ነው። ብዙ ሐኪሞች ከሱ ጋር የሚያጣብቁበት ሲሚንቶ ደግሞ ዚንክ ኦክሳይድና ዩጂኖል ነው፤ ዩጂኖል የቅርንፉድ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ነው። የጥርስ ክሊኒክ ሲገቡ የሚቀበልዎት ሽታ እኮ የወጥ ቤትዎ ቅርንፉድ ነው። ድሮ የተሞላ ሩት ካናል ተበላሽቶ እንደገና ሲከፈት ሙሌቱን ለማለስለስ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት የሚጠቀሙ አሉ። ከፓፓያ የሚወጣው ፓፔይን ደግሞ የበሰበሰ የጥርስ ክፍል አለስልሶ ያለ መቦርቦሪያ ለመጥረግ በጄል ተሠርቶ ይሸጣል፤ በተለይ ለሕፃናት። ተክሉ ቦታውን ሲያገኝ ማንም አይንቀውም። ለማጠቢያነትም ተስፋ የማደርግበት ቦታ አለ። የሥራቸው ጫፍ ገና ያልተዘጋ የልጆች ጥርሶች ላይ በውስጥ ያሉትን ስቴም ሴሎች፣ ማለትም አዲስ የጥርስ ክፍል መሥራት የሚችሉትን ሴሎች፣ ማዳን እንፈልጋለን። እዚያ ጠንካራ ሃይፖክሎራይት ይጎዳል፤ አሁን ወደ 1.5 በመቶ ዝቅ አድርገን ነው የምንሠራው። ገር የሆነ ነገር ቢገኝ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። የአዋቂ መንጋጋ፣ ነርቩ ሞቶ የበሰበሰ፣ እንደርስዎ ያለው ግን ቦታው አይደለም።

ለሃይፖክሎራይት አለርጂ ያለበት ሰውስ? አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ያኔ ሐኪሙ ወደ ክሎርሄክሲዲን ይሄዳል እንጂ ወደ ጓሮ አይሄድም። ሁለቱ ፈሳሾች ከተገናኙ ብርቱካናማ ቡናማ ዝቃጭ ስለሚሠሩ እየቀላቀሉ መጠቀምም አይቻልም። እርስዎን ያቃጠለዎት ግን አለርጂ አይመስለኝም።

እንግዲህ ያ «ሌላ ነገር» ያልኩት ይኼ ነው። ፈሳሹ ጉሮሮዎ ጋ ምን ይሠራል?

ሩት ካናል ሲሠራ ራበር ዳም የሚባል ስስ የላስቲክ ሽፋን አለ። መሃሉ ይበሳል፣ በብረት መቆንጠጫ ጥርሱ ላይ ይያዛል፣ የሚታከመው ጥርስ ብቻ ብቅ ይላል፣ ቀሪው አፍ ከላስቲኩ ጀርባ ይቀራል። ፈሳሹ ወደ ጉሮሮ አይወርድም። ቀጫጭኖቹ ፋይሎች ቢያመልጡ አይዋጡም። ከዚያም በላይ፣ እኔ ትልቁ የምለው፣ ምራቅዎ ወደ ተከፈተው ጥርስ አይገባም። ምራቅ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። በአንድ በኩል ባክቴሪያ እያጠብን በሌላ በኩል ምራቅ ካስገባን፣ በሃይፖክሎራይትም እንጠብ በኒም፣ ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። ጣዕሙን ቀምሰዋል ማለት ወይ ላስቲኩ አልነበረም፣ ወይ ያፈስ ነበር። እውነቱን ለመናገር በብዙ ክሊኒኮች አይደረግም። ጊዜ ይወስዳል፣ ታካሚው «ታፈንኩ» ይላል፣ ሐኪሙም በጥጥ እወጣዋለሁ ይላል። ጥጥ ይርሳል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲህ ይበሏት፦ «ዶክተር፣ ባለፈው ፈሳሹ ጉሮሮዬ ገብቶ አቃጠለኝ፤ ዛሬ ላስቲኩን ታደርጊልኛለሽ?» ትቆጣለች ብለው አይፍሩ። የላቴክስ አለርጂ ካለብዎ ይንገሯት፤ ያለ ላቴክስ የተሠራም አለ። ከፈለጉ ሌላም ይጨምሩ፤ መርፌው ጫፉ ላይ ነው በጎኑ የሚረጨው? በጎኑ የሚረጨውና ከሥሩ ጫፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር መለስ ብሎ የሚቆመው ፈሳሹ ወደ አጥንት እንዳይገፋ ይረዳል። እየታከሙ ሳለ ድንገት የሚያንገበግብ ሕመም ከተሰማዎት ወዲያው እጅዎን ያንሡ። እስኪያልቅ አይታገሡ።

ባለፈው ትንሽ የዋጡት አያሳስብዎ። ለዛ ዓይነት ትንሽ ጠብታ በውሃ መጉመጥመጥና ውሃ መጠጣት ይበቃል። መዋጥ ያቃተው፣ ያበጠበት ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ቤት መቀመጥ የለበትም።

የቤቱ ኒም ቀረ። ጥርስዎ አሁን በጊዜያዊ ሙሌት ተዘግቷል። በኒም ቢጉመጠመጡ ቦዩ ውስጥ አይገባም። ከገባ ደግሞ የባሰ ወሬ ነው፤ ሙሌቱ አፍስሷል፣ ምራቅም ገብቷል ማለት ነው። ለድድዎ ከሆነ ለብ ያለ የጨው ውሃ ይበቃዎታል። መፋቂያዎንም አይተዉ፤ ሙሌቱን ብቻ አይነካኩት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ድድ ላይ አይለጥፉ። ድዱ ተቃጥሎ፣ ነጭ ሆኖ ተልጦ የመጣ ሰው ደጋግሜ አይቻለሁ። ያልቀጠነ የቅርንፉድ ዘይትም እንዲሁ ያቃጥላል። የኒም ዘይት ልጆች ባሉበት ቤት በቀላሉ እንዳይገኝ፤ የጠጡ ሕፃናት በከባድ ሁኔታ ተመርዘዋል። የአስተናግር ፍሬ አጭሶ «የጥርስ ትል» ማውጣት የሚባለውንማ ጨርሶ አያስቡት። ተፈጥሮ ነው፣ ሰውም ያሳብዳል።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ የምለው ቀጠሮውን ነው። ሕመሙ ሲለቅ ብዙ ሰው ይጠፋል። ጊዜያዊው ሙሌት የሚያገለግለው ለሳምንታት ብቻ ነው፤ ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ቆሎ ሲበሉ ይነሣል። ከተነሣ ተራዎን አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይደውሉላት። ከዘገዩ ምራቁ ስለሚቀድምዎት ሐኪሟ ሁሉንም እንደገና ማጠብ ይኖርባታል። በዚያው በሚሸተው።